ባሕሩ ጥሎት የሄደ ባልጩት

አባቴ ከታመሙ ወዲህ የቀረቻቸው ቃል አንዲት ናት፤ «ደጋ»።

ውሃ ሲጠማቸው በግራ እጃቸው ጆጉን ያሳያሉ፤ ሲበርዳቸው ጋቢውን ይጎትታሉ። ለእንዲህ ያለው ነገር ቃላቸውን አያባክኑም። «ደጋ»ን የሚሏት ዓይን ዓይኔን እያዩ ነው። ቀስ ብለው ይጀምሩና ሳይገባኝ ሲቀር ድምፃቸውን ከፍ ያደርጋሉ፤ በመጨረሻ ፍራሹን በመዳፋቸው መትተው ወደ ግድግዳው ይዞራሉ። ሐኪሙ ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ፈስሶ ቀኝ ጎናቸውንና ምላሳቸውን እንደያዘባቸው ነግሮን ነበር። «ቃሎቹ እንዳሉ አሉ፤ መውጫው ነው የጠፋባቸው» አለ። እኔም ክረምቱን ሙሉ ያን መውጫ ስፈልግ ከረምኩ።

የምኖረው አሰላ ነው፤ ከባጃጅ ተራው ጀርባ ልብስ እሰፋለሁ። አባቴ ሀሰኖ ከስፌት መኪናዬ አጠገብ፣ መስኮቱ ሥር በዘረጋሁላቸው ፍራሽ ላይ ይውላሉ። ደንበኞቼ ሰላም ሲሏቸው እንደ ትልቅ ዳኛ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። «ምስኪን ፈይሩዛ፣ ትዳሯም አልሆነ፣ አሁን ደግሞ አባቷን ታስታምማለች» የሚሉ እንዳሉ አውቃለሁ። ይበሉ። እሳቸው አጠገቤ ተቀምጠው፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየመታ፣ እኔ መኪናዬን ስረግጥ የሚሰማኝን ሰላም እነዚህ ሰዎች በሕልማቸውም አያገኙትም።

ወንድሜ ነስረዲን የሚኖረው ጮሌ ከተማ ነው፤ ገብስና በግ ይነግዳል። አባታችን የተወለዱትም እዚያው ነው። አንድ ቀን ደውሎ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ሳደርግላቸው ቃሏን ከራሳቸው አፍ ሰማ።

«ደጋ እኮ ነው የሚሉሽ!» ብሎ ጮኸብኝ። «ወደ ደጋ ውሰዱኝ፣ አገሬ አግቡኝ እያሉ ነው። አንቺ ደግሞ አፍሽን ከፍተሽ ታዪያቸዋለሽ?»

«አሰላስ በረሃ ነው እንዴ?»

«የጮሌን ብርድ ያየ ሰው አሰላን ደጋ ብሎ አይጠራም። ቅዳሜ መኪና ይዤ እመጣለሁ። ልብሳቸውን አሰናድተሽ ጠብቂኝ።»

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ አለቀስኩ። የከፋኝ በወንድሜ አይደለም፤ እሱ እንኳ ድምፁ ይጎላል እንጂ ልቡ ቅቤ ነው። አባቴ ይህን ሁሉ ጊዜ ዓይን ዓይኔን እያዩ የሚለምኑኝ እንድለቃቸው ከሆነስ? እኔ ሰላም የምለው ለእሳቸው እስር ከሆነስ? መሄድ ከፈለጉ በገዛ እጄ አልብሼ እሸኛቸዋለሁ። ካልፈለጉ ግን ነስረዲን አይደለም ክፍለ ጦር ቢመጣ ከዚያ መስኮት ሥር አያነሣቸውም። የትኛው እንደሆነ ከቅዳሜ በፊት ማወቅ ነበረብኝ።

ጎረቤታችን ጋሽ ይርሳው የዶልፊን ሚኒባስ ሾፌር ናቸው። ቅድመ አያቶቻቸው ከመንዝ መጥተው አርሲ የሰፈሩ ናቸው፤ እሳቸው ግን ኦሮምኛውን ከብዙዎቻችን ይበልጥ አጥርተው ይናገሩታል። ከአባቴ ጋር አብሮ አደግ አይሁኑ እንጂ አብሮ አርጅ ናቸው። ነገሩን ስነግራቸው ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉ።

«ቆይ ቆይ» አሉ። «ሰው ምላሱ ሲሰበር የምትቀረው የእናቱ ቋንቋ ናት። ደጋን በኦሮምኛ ምን ትይዋለሽ?»

«ባዳ።»

«በቃ! ሀሰኖ ደጋ ቢያምረው ባዳ ይል ነበር።»

«እንኳን አላሉኝ፤ በአማርኛ ሰምቼው ዘመዴ አይደለሽም አሉኝ ብዬ እሞት ነበር።»

ጋሽ ይርሳው እስኪያስላቸው ሳቁ። «ደግሞስ የታመመ ሁሉ አገሬ ይላል ያለው ማነው? እኔ ብታመም መንዝ ውሰዱኝ የምል ይመስልሻል? መንዝን በዓይኔ አይቼው አላውቅም። እዚያ ብትወስዱኝ የምሞተው መንገድ ስጠይቅ ነው።»

ካነጋገር ይፈረዳል፣ ካያያዝ ይቀደዳል ይባላል። እኔ ስለ ጨርቅ አያያዝ የሚነግረኝ አልፈልግም፤ የአባቴ አነጋገር ግን የሚፈርድበት ዳኛ አጣ። በኦሮምኛ ድንጋይ «ደጋ» ነው። «ደገኢ» ሲሆን ደግሞ ስሚ ማለት ነው። የአባቴ ምላስ የቃሉን ጭራ እየዋጠ ስለሚያስቀረው፣ የኦሮምኛው ድንጋይ፣ የኦሮምኛው ስሚና የአማርኛው ብርድ አገር ከአፋቸው ሲወጡ አንድ ናቸው። ድንጋይ የሚለውን አስቀድመን ሞክረነዋል። ከጋሽ ይርሳው ጋር ተማክረን፣ የኩላሊት ጠጠር ሕመም ቢሆንባቸው ነው ብለን፣ ደግፈን ወስደን ሽንታቸውን አስመረመርን። ጠጠር አልተገኘም። አባቴ ከምርመራው ስንመለስ ያዩኝን አስተያየት አልረሳውም፤ ልጅ ሳለሁ በፈተና ስወድቅ እንኳ እንደዚያ አላዩኝም።

ስለዚህ «ስሚ» የሚለውን ያዝኩ። ከሰዓት በኋላ መኪናዬን እያቆምኩ፣ ከፍራሻቸው ጥግ ተቀምጬ መስማት ጀመርኩ። እንዲህ ሆኜ አሰላን ሰምቻት አላውቅም ነበር። የጋሪ ፈረሶች ኮቴ ከሩቅ ይመጣና ከበራችን አልፎ ሲሄድ፣ ከኮቴው በኋላ የሚቀረውን ዝምታ እሰማለሁ። ከጣሪያው ጫፍ የሚንጠባጠበውን ውሃ፣ የጎረቤት ሬዲዮ፣ የአባቴን ትንፋሽ እሰማለሁ። ከዚያ እንቅልፍ ያዳፋኛል። በሰመመን ውስጥ ከፍራሹ በታች ውሃ የሚተኛ ይመስለኛል፤ ሰፊ ውሃ፣ ትንሽ ትንሽ የሚተነፍስ። ስነቃ አባቴ ያዩኛል። «ሰማሁ፣ አባ» እላቸዋለሁ። እሳቸው ራሳቸውን በእምቢታ ይነቀንቃሉ፤ «ደጋ!» ይላሉ፤ ፍራሹን ይመታሉ።

ረቡዕ ዕለት ኦብሴ የምትባል ደንበኛዬ ከሰልባጅ ተራ የገዛችውን ካፖርት ይዛ መጣች። እጅጌው እንዲያጥርላት ነው። ካፖርቱ ትልልቅ ጥቁር የመስታወት ቁልፎች ነበሩት፤ አንዱ እኩሌታው ተሸርፏል። ካፖርቱን ለመለካት ፍራሹ ላይ ስዘረጋው አባቴ የተሸረፈውን ቁልፍ ጨበጡ። ላስለቅቃቸው ስል አልለቅም አሉ። ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞሩት፤ አንድ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ከዚያ በአውራ ጣታቸው ስለቱን በርዝመቱ ሳይሆን በአግድሙ፣ በጣም ቀስ ብለው ዳሰሱት።

ያን አውራ ጣት አውቀዋለሁ።

«ደጋ» አሉ፤ በዚህ ጊዜ አልጮኹም።

«ባልጩት!» አልኩ እኔ። ኦብሴ ያበድኩ መስሏት አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። እኔ ግን ካፖርቱ ላይ ተቀመጥኩ። ድንጋይ ነው፤ ስንፈልገው የከረምነው ግን በኩላሊታቸው ውስጥ ነበር!

አባቴ ጮሌ ይወለዱ እንጂ ጉልምስናቸውን የጨረሱት ታች፣ ዝዋይ ሐይቅ ዳር ነው፤ እሳቸው ደምበል ነው የሚሉት። የጥንት ሰዎች ከባልጩት፣ ከዚያ እንደ መስታወት ከሚያብረቀርቀው ጥቁር ድንጋይ፣ የጠረቧቸውን ምላጮችና መፋቂያዎች የሚፈልጉ ተመራማሪዎች በየዓመቱ እየመጡ ይቆፍሩ ነበር። አባቴ መጀመሪያ አፈር ተሸካሚያቸው ሆኑ፤ ኋላ ደግሞ የወዳደቀ ጥቁር ስባሪ አይተው ይህ የሰው ሥራ ነው፣ ይህ የበሬ ኮቴ የሰበረው ነው ብለው ይለዩላቸው ጀመር። ያገኙትን ሁሉ ያስረክባሉ እንጂ አንዲት ስባሪ ቤት ይዘው ገብተው አያውቁም። «የሰው ዕቃ ነው» ይላሉ። ሰውየው ከሞተ ስንት ሺህ ዓመቱ! ቁፋሮው ከቆመ በኋላም ምክንያት እየፈለጉ ይወርዱ ነበር። ከታመሙ ወዲህ ግን አንድም ቀን አልወረዱም።

ሐሙስ ጠዋት ጋሽ ይርሳው ዶልፊናቸውን ከተራ አስወጥተው በራችን ላይ አቆሙ። አባቴን ስናስገባቸው ወዴት እንደምንሄድ አልነገርናቸውም። ጋሽ ይርሳው «ሀሰኖ፣ ዛሬ ረዳቴ አንተ ነህ፤ ሂሳብ ሰብስብ» አሏቸው። አባቴ በግማሽ ፊታቸው ሳቁ።

አሰላን ስንለቅ ጉም ነበር። ጉሙ ከመኪናው መስታወት ላይ እየተላሰ ያልፋል፤ የስንዴው ማሳ ይታይና ይጠፋል፤ በጎች ካለ እግር የሚንሳፈፉ ይመስላሉ። ቁልቁል በወረድን ቁጥር አየሩ ይሞቃል፤ እኔም ነጠላዬን፣ ከዚያ ሹራቤን አወለቅኩ። ከጉሙ ስንወጣ ድንገት ሁሉም ነገር ቢጫና ሰፊ ሆነ፤ ግራሩ፣ በቆሎው፣ ከሩቅ ደግሞ ሰማይ ይሁን ውሃ ያልለየለት ነጭ ነገር። አባቴ ከወንበራቸው ቀና አሉ። የማይታዘዘውን ቀኝ እጃቸውን ሳይቀር በጤነኛው አንሥተው መስኮቱ ላይ አሳረፉት።

የድሮው የሐይቅ ዳርቻ ዛሬ ውሃው ካለበት በጣም የራቀ ነው። ውሃው በጥንት ጊዜ ሸሽቶ ሄዷል። የቀረው በማሳዎች መካከል የተጋደመ ረጅም የአሸዋ ጉብታ ነው፤ ስትቆፍረው ቀንድ አውጣ ዛጎል ይወጣል። ልጆች ሳለን አባቴ እኔንና ነስረዲንን እዚህ ያመጡን ነበር። ከጉብታው ወደ ታች ስንወርድ «አሁን ወደ ውሃው ገባችሁ» ይሉናል። እኔ ትንፋሼን ይዤ እሄድ ነበር። ከራሴ በላይ ዓሣዎች ሲያልፉ፣ የታንኳ ሆድ ሲጋርደኝ ይታየኛል። ዛሬም ዶልፊኑ ከጉብታው ሥር ሲቆም ሳላስበው ትንፋሼን ይዤ ነበር። በአርባ ምናምን ዓመቴ!

ዝናቡ ጉብታውን አጥቦት ነበር። ፀሐይ ስትወጣበት ባልጩቱ በየቦታው ብልጭ አለ፤ አንዱን ለማየት ስጠጋ ይጠፋና ወዲያ ማዶ ሌላው ይበራል። አንድ ሰው እዚህ ተቀምጦ፣ ፊቱን ወደ ውሃው አዙሮ፣ ሥራውን ሲሠራ ውሎ ጠራርጎ ሳይሄድ የቀረ ነው የሚመስለው። እኔም ማታ ማታ የጨርቅ ቅዳጅ እንደዚሁ ትቼ ነው የምተኛው።

አባቴን ምንጣፍ ዘርግተን አስቀመጥናቸው። ቀኝ ጎናቸው ስለማይጸና ወደዚያ ይወድቃሉ። ጋሽ ይርሳው አጉረመረሙና ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀመጡ፤ ሁለቱ ሽማግሌዎች ጀርባ ለጀርባ ተደጋገፉ። «በስተርጅና ወንበር ሆኜ ልቅር» አሉ ጋሽ ይርሳው፤ ግን አልተነሡም።

እኔ ስባሪዎቹን ለቅሜ አመጣሁላቸው። ምላጭ የመሰለውን ሰጠኋቸው፤ ዳሰሱትና ወደነበረበት እንድመልሰው በአገጫቸው አመለከቱኝ። መፋቂያውን ሰጠኋቸው፤ መለሱት። ሌላም ሌላም፤ ሁሉንም መለሱ። «የሰው ዕቃ ነው» ማለታቸው እንደሆነ ገባኝ። ታዲያ ከአሰላ ድረስ ያስጮሃቸው የቱ ድንጋይ ነው? ንዴት ንዴት አለኝ፤ ፀሐዩ አናቴ ላይ ነው፤ ነገ ብቻ ነው የቀረኝ። በንዴቴ ከጎርፉ አፍ ጡጫ የሚያህል፣ ማንም ያልነካው፣ ቆዳው ገና ያልተገፈፈ ባልጩት አንሥቼ ጭናቸው ላይ ጣልኩላቸው።

አባቴ ጠጠር ከአጠገባቸው አንሥተው ባልጩቱን ቀስ አድርገው ቆረቆሩት።

ድምፅ ሰጠ። እንደ ብርጭቆ ጠርዝ የጠራ፣ ቀጭን፣ ትንሽ የሚቆይ ድምፅ።

«ደጋ…» አሉ፤ ጉሮሯቸው ታገለ፤ የአንገታቸው ሥር ተገተረ። «ደጋ… ኢ።»

ስሚ። ጭራው ወጣ። ድንጋይም ስሚም ሁለቱም ነበሩ፤ ድንጋዩን ስሚው ነው ያሉኝ! ውስጡ የተሰነጠቀ ባልጩት ድምፁ ደንቆሮ ነው፤ ለሥራ አይሆንም። ይህን ልጅ ሳለሁ ነግረውኝ እንደነበር ያኔ ነው የታወሰኝ። አለቀስኩ፤ ያላቅማማ ለቅሶ፣ በእጅጌዬ የጠረግኩት። ጋሽ ይርሳው ከወዲያ ፊት ሆነው «ምን ሆናችሁ? እኔ እኮ የማየው በቆሎ ብቻ ነው» አሉ።

አባቴ ግን ለእንባዬ ጊዜ አልነበራቸውም። ባልጩቱን ሊጠርቡት ፈለጉ። ጠጠሩን በግራ እጃቸው ያዙ፤ ባልጩቱን የሚይዝ ቀኝ እጅ የለም። መቱት፤ ተንከባለለ። መልሰው አስተካክለው መቱት፤ ተንከባለለ። የሞተው እጃቸው ጭናቸው ላይ ተጋድሞ ጣቶቹን እንደ እንግዳ ያዩት ነበር። ይህን ማየት አልቻልኩም። ከቦርሳዬ ወፍራም የካፖርት ጨርቅ አውጥቼ አጥፌ ጭኔ ላይ አነጠፍኩ፤ ባልጩቱን በሁለት እጄ ይዤ ወደ እሳቸው አስጠጋሁት።

አባቴ አዘነበሉት፤ ሌላ ጊዜ ደግሞ ትንሽ ቀና አደረጉት። በአገጫቸው እየመሩኝ እጄን የት ላይ እንደማደርግ አሳዩኝ። የመጀመሪያው ምት ዱቄት አወጣ። ሁለተኛው ጣቴን ሊመታ ትንሽ ቀረው። «አባ፣ ይህ ጣት እንጀራዬ ነው!» ብዬ ተቆጣሁ። በግማሽ ፊታቸው ሳቁና ደገሙ። ከዚያ የሆነ ነገር ቅጭል አለና አንድ ቀጭን ምላጭ ጨርቁ ላይ ወደቀ። ወደ ፀሐይ ሳነሣው በጫፉ በኩል ብርሃን ያሳልፋል፤ ጥቁሩ እየሳሳ ሄዶ የሻይ ዓይነት መልክ ይሆናል። አውራ ጣቴን ነካ ቢያደርገኝ አላመመኝም፤ ደሙን ሳይ ነው ያመመኝ።

ከዚያ በኋላ ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም። እሳቸው ይመታሉ፤ እኔ እይዛለሁ። ከሩቅ ውሃው ላይ ወፎች ይነሣሉ፤ ነፋሱ ዓሣ ዓሣ ይሸታል። ጋሽ ይርሳው አባቴን እንደተደገፉ እንቅልፍ ወስዷቸዋል። እኛ ሦስታችን ከብዙ ጊዜ በፊት እዚህ የነበርን፣ ማንም ያልጠራን፣ አሰላ የምትባል ከተማ ገና ያልተሠራች መሰለኝ። ጉብታው ሥር ውሃ ነበር። እምላለሁ፣ ይሰማኝ ነበር።

ስልኬ ጮኸ፤ ነስረዲን ነው። አንዱን እጄን ከባልጩቱ አንሥቼ ድምፁን ለቀቅኩት።

«ልብሳቸውን አሰናዳሽ?»

«ነስሩ፣ አባ ደጋ ያሉት ደጋ ማለታቸው አይደለም። ድንጋይ ነው ያሉት። ሐይቁ ዳር ነን።»

ነፋሱ ስልኩ ውስጥ ገብቶ ይንሾካሾካል።

«እሺ» አለ በመጨረሻ፤ ድምፁ ዝቅ ብሏል። «ድንጋይም ይሁን። ግን እኔ ጋ መምጣት ይፈልጋሉ ወይስ አይፈልጉም? እኔም ልጃቸው ነኝ እኮ፣ ፈይሩ። እሳቸው ምን አሉ?»

ክረምቱን በሙሉ ቃሏን ስንፈታ፣ ስንተረጉም፣ ስንጣላባት ከርመን አንዳችንም አልጠየቅናቸውም ነበር። እኔ ያልጠየቅኩት ፈርቼ ነው። አሁንም ፈራሁ። ግን ወንድሜ እየሰማ ነው፤ እሱም እንደ እኔ ፈርቷል።

«አባ» አልኳቸው በኦሮምኛ፣ «ነስረዲን ጮሌ ሊወስድዎት ይፈልጋል። ይሄዳሉ ወይስ ከእኔ ጋር ይሆናሉ?»

አባቴ ስልኩን አዩ። እኔን አዩ። ከዚያ አንድ እጅ ብቻ የቀረበትንና ጭኔ ላይ ያጋደለውን ባልጩት አዩ። መምቻ ጠጠራቸውን አስቀመጡ፤ ስልክ የያዘውን እጄን ከአንጓው ላይ ያዙኝ፤ ጎተቱኝ። ስልኩ አሸዋው ላይ ወደቀ። እጄን ባልጩቱ ላይ መልሰው አኖሩት፤ ጣቶቼን አንድ በአንድ አጠፉልኝ፤ በላዩ ላይ ጫን አደረጉ። ከዚያ ጠጠራቸውን አነሡ።

ለመሄድ የተነሣ ሰው የሰው እጅ እንዲህ አይዝም።

«ምን አሉ?» ይላል ነስረዲን ከአሸዋው ውስጥ። «ፈይሩ? ምን አሉ?»

«ሥራ ላይ ነን!» ብዬ ጮኽኩለት፤ እያለቀስኩ ይሁን እየሳቅኩ አላውቅም። «አንተም ቅዳሜ ስትመጣ የሥራ ልብስህን ልበስ፤ ሌላ የሚይዝ እጅ ያስፈልገናል።»